ወፊቱ የተቀመጠችበት ሳጥን

ሊፍት ጠጋኙ ያንን ሳጥን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሲገባ ሚስቱ የዳቦ መጋገሪያ የገዛላት መስሏት ነበር። ጥቁር ነው፤ ከጫማ ካርቶን እምብዛም አይበልጥም። እሱ የሚሠራበት ሕንፃ ላይ ያለ አንድ ድርጅት ቢሮውን ሲለቅ አሮጌ ዕቃውን በርካሽ ሸጠ። ሰው ሁሉ ወንበርና ጠረጴዛ ሲሻማ እሱ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ትንሽ ሰርቨር፣ ፋይል ማከማቻ ኮምፒውተር፣ አነሣ።

"ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?" አለችው በሹክሹክታ።

በሹክሹክታ መናገሯ ምሥጢር ኖሯት አይደለም። እንቅርቷን በቀዶ ጥገና ካስወጣች ወዲህ ድምፅ የላትም፤ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ቧንቧ ከተከፈተ አትሰማም። ስልክማ ከናካቴው ትታዋለች። ባሏ ከንፈሯን እያየ መስማት ስለለመደ ከእሷ ጋር ሲያወራ ዓይኑን ከፊቷ አይነቅልም። የማያውቃቸው ሰው ሲያይ አዲስ ተጋቢ ይመስሉታል።

ድሮ ክር ፋብሪካ ውስጥ "ወፊቱ" ነበር የምትባለው። በሥራ ቀን ክር ስታጠነጥን ትውላለች፤ ቅዳሜ በሠራተኞች ክበብ ከፋብሪካው ባንድ ጋር ትዘፍናለች። ባሏም ያገኛት እዚያው ነው። የዕቃ ማመላለሻውን ሊፍት ሊጠግን ሄዶ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም "ገና አልተስተካከለም" እያለ ሰንብቷል ይባላል። ሲጠየቅ "ሊፍቱ የእውነት ይንቋቋ ነበር" ይላል፤ አይስቅም።

ፋብሪካው ሲዘጋ ክበቡ የቀረጻቸው የቪዲዮ ካሴቶች ሊጣሉ ሲሉ የሥራ ጓደኞቿ በካርቶን አምጥተው ሰጧት። ካርቶኑ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ኖረ። ከዚያ በቀር ወፊቱ የዘፈነችበት ምንም ነገር በዓለም ላይ የለም። ሊፍት ጠጋኙ ሰርቨሩን የገዛውም ለዚህ ነው፤ ድምፅዋ ሳይበሰብስ ሊያድነው።

ከሳጥኑ ጋር ያስተዋወቀው ማሙሽ ነው። ማሙሽ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከፋብሪካ ስትገባ እያዘለች፣ እየዘፈነች ነው ያስተኛችው። አሁን ፂሙን የሚላጭ ሰው ሆኖም ማሙሽ ነው። መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው፤ በሰው ስልክና ፍላሽ ላይ ፊልምና ዘፈን ይጭናል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሲኒማ ቤት ነው!" አለ ሳጥኑን ከፍቶ አንጀቱን እያየ። "ነፃ ፕሮግራም እጭንበታለሁ። ፊልሞቹን ከነፎቷቸው ይደረድርላችኋል። ከቴሌቪዥኑ ጋር በዋይፋይ አገናኘዋለሁ፤ ሶፋ ላይ ተጋድማችሁ መምረጥ ብቻ።"

"ቢበላሽስ?"

"ሁለት ዲስክ አለው። አንዱ ላይ የተጻፈ ሌላውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ።"

"እንደ ሊፍት ገመድ በለኛ!"

"እንዴታ!"

ሊፍት ጠጋኙ በዚህች ቃል ልቡ አረፈ። ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ በአንድ ገመድ ብቻ የተንጠለጠለ ሊፍት አይቶ አያውቅም። አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንደሚይዝ ያምናል፤ ሰው ሁሉ "ወድቆ ቢፈጠፈጥስ" ብሎ ሲፈራ እሱ የሚስቀው በዚህ ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ ቅጂ ማስቀመጥ ትዝም አላለው።

የካሴት ማጫወቻ ዴክ ተውሶ ካሴቶቹን ወደ ሳጥኑ መገልበጥ ጀመረ። እርጥበት በልቷቸው ስለነበር አንድ ጊዜ ከተጫወቱ በኋላ ክራቸው እየተላጠ ይረግፋል፤ ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም። ከሥራ እየገባ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ፣ አንድ በአንድ ቁጭ ብሎ አሳለፋቸው። ማዳመጫውን ያደረገው ሚስቱ እንዳትሰማ ነው።

"ገና ነኝ" ብላው ነበር። "ስችል እኔው እነግርሃለሁ።"

ሲጨርስ ፎልደሩን "ወፊቱ" ብሎ ሰየመው፤ ማይክ ይዛ የተነሣችውንም ፎቶ ለጠፈበት። የረገፉትን ካሴቶች አውጥቶ የጣላቸው ማሙሽ ነው። "ከእንግዲህ ቆሻሻ ናቸው ጋሼ፤ ያለችው ሳጥኑ ውስጥ ብቻ ናት" አለ በራሱ አፍ።

ደግ ጊዜ ነበር። እራት በልተው ሦስቱም አንድ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፤ ማሙሽ አዲስ ፊልም ሳያመጣ አይመጣም። እሷ የምትለው ስለማይሰማ ፊልሙን አቁመው ከንፈሯን ያያሉ፤ ስትጨርስ ይቀጥላሉ። "ሲበላሽ እየተመላለስኩ እንዳላስቸግራችሁ" ብሎም ሳጥኑን ከሱቁ ሆኖ በኢንተርኔት እንዲከፍተው አድርጎ አገናኘው። ሊፍት ጠጋኙ አመሰገነው። ባለቤቱም "ልጄ ለሰው ያስባል" አለች።

ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ማንም ሳይነካው ቀን ቀን መጮህ ጀመረ። ሙቀቱ የአምፖል ያህል ነው።

"እንግዳህ ያንኮራፋል" አለችው ሚስቱ።

"ቀን ምን ሲሠራ ውሎ ነው የሚደክመው?"

"አንተስ ምን ሠርተህ ነው የምታንኮራፋው?"

ሳቁ፤ ተዉት።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ፀጉሯን እያበጠረች፣ "ዛሬ ልስማው" አለች። ሊፍት ጠጋኙ መጥረጊያ ይዞ ነበር፤ ቆመ። "ልጆቹን ጥራልኝ። ብቻዬን አልችለውም።" ልጆቹ ያለቻቸው የፋብሪካ ጓደኞቿን ነው፤ ሁሉም ሸብተዋል።

መጡ። የድሮዋ የፈረቃ አለቃ፣ ማሽን አጠገብ እንዳሉ እየጮኹ ማውራት ያልተዋቸው ሴት፣ ገና ከበር "አንቺ ወፊት! ዛሬስ ሳትዘፍኚ አንወጣም!" አሉ።

"እኔ ሳልሆን ሳጥኑ ነው የሚዘፍነው" አለች። ባሏ ጮክ ብሎ ደገመላቸው።

"ሳጥኑ ካንቺ የተሻለ ከሆነማ እሱን ነው የምንጋብዘው!"

ሻይ ተቀዳ። ሊፍት ጠጋኙ ሪሞቱን አነሣ። የወጣትነት ፎቶዋ በማያው ላይ ሲመጣ ሴቶቹ "ወይኔ!" ብለው ተያያዙ። ሚስቱ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። ተጫነው። ጥቁር ሆነ፤ "ፋይሉ አልተገኘም" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሌላውን ተጫነ። ያው ነው። ሁሉንም ሞከረ።

ማሙሽ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። "ኔትወርክ ነው ጋሼ" አለ። "በኋላ አስተካክለዋለሁ።"

"ኔትወርክ ድሮም እኛን አይወድም" አሉ አለቃዋ፤ ጨዋታ ለማምጣት ነው። ጨዋታው ግን አልመጣም። ሻያቸውን ጠጥተው፣ እሷን አቅፈው ሄዱ።

በማግስቱ ሊፍት ጠጋኙ ምሳውን ትቶ ወደ ሱቁ ሄደ። ደንበኞች ፍላሽ ይዘው ተሰልፈዋል። በማሙሽ ኮምፒውተር ላይ የፊልሞቹን ዝርዝር አየ፤ ረጅም ነው፣ ከላይ እስከ ታች የማያልቅ። ከዝርዝሩ መካከል የሚስቱን ፎቶ አየ። የራሱ ሳጥን ነው። ማሙሽ የሚሸጣቸውን ፊልሞች በኢንተርኔት የሚያከማቸው እዚያ ነው፤ ቤቱ የማሙሽ መጋዘን ሆኖ ኖሯል።

"ና ውጣ" አለው።

በሱቁ ጎን ባለችው መተላለፊያ ቆሙ።

"የእሷስ የታለ?"

ማሙሽ አንገቱን አከከ። "ቦታ ሞላብኝ ጋሼ። የእሷ ፋይሎች ደግሞ ትልልቅ ናቸው፤ አንዱ የስንት ፊልም ቦታ ነው የሚይዘው።"

"ሁለተኛው ዲስክስ?"

"ከአንዱ ሲጠፋ ከሌላውም ይጠፋል። እሱ ዲስኩ ሲበላሽ ነው እንጂ..."

ሊፍት ጠጋኙ ያን ጊዜ ገባው። ብዙ ገመድ የሚጠቅመው ገመድ ሲበጠስ ነው፤ አንድ ሰው መቁረጫ ይዞ ሁሉንም ቢቆርጣቸው ምን ይይዛል? ይህን አለማሰቡ አንገበገበው። ሊፍቱ ላይ መቁረጫ ይዞ የሚወጣ ሰው ግን አጋጥሞት አያውቅም፤ ያውም የቤት ልጅ።

"መቼ ነው?"

"ቆይቷል።"

"ቆይቷል? እና ማታ ማታ እየመጣህ ከእኛ ጋር ትበላ ነበር?"

"አትሰማውም ነበር እኮ ጋሼ! አንድ ቀን ከፍታው አታውቅም። የማይታይ ነገር..." አቆመና እጁን ያዘው። "ለእታለም እንዳትነግራት፤ በእናትህ። የጠፋ ፋይል የሚመልስ ሰው አውቃለሁ። ሳጥኑ ላይ አዲስ ነገር ካልተጻፈ ይመለሳል። እኔም ከዛሬ ጀምሮ አልነካውም።"

ሊፍት ጠጋኙ አመነው። ምናልባት ማመን ስለፈለገ ነው። እቤት ሲገባ ሚስቱ "ምን አለ?" አለችው፤ "ኔትወርክ ነው" አላት። ከንፈሩን አየችው።

ሰነበተ። ፋይል መላሹ ሰውዬ "ዛሬ ይመጣል" ይባላል፤ አይመጣም። ሊፍት ጠጋኙ ከሥራ ሲገባ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ያደርጋል፤ ዝም ብሏል፤ ደስ ይለዋል። አንድ ቀን ግን ዕቃ ረስቶ በምሳ ሰዓት ቢመለስ ሳጥኑ ይጮሃል። ቴሌቪዥኑን ከፈተ። አዲስ ፊልሞች ገብተዋል፤ እሱ እያየም ገና ይገባሉ። አንድ በአንድ፣ ወፊቱ በነበረችበት ቦታ ላይ እየተጻፉ ነው። ማሙሽ ሳጥኑን የማይነካው እሱ ቤት በሚሆንበት ሰዓት ብቻ ነበር።

ሚስቱ ከጓዳ ወጥታ አየችው። ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

ነገራት። ሱቁን፣ ቦታ መሙላቱን፣ የተባለውን ሁሉ ነገራት። ስትሰማ ፊቷ አልተለወጠም።

"ድምፄን ሳይሰማ ነው ያጠፋው?" አለች።

"አልጠየቅኩትም።"

"አንተ መቼ አወቅህ?"

ዓይኑን ከፊቷ ነቅሎ ወደ ሳጥኑ ዞረ።

"ከእሑዱ ማግስት ነው?"

አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"እሱስ ልጅ ነው፤ እኔ ነኝ ያሞላቀቅኩት። አንተ ከንፈሬን እያየህ ኔትወርክ ነው አልከኝ።"

"ይመለሳል ብዬ እኮ ነው..."

ተራመደችና የሳጥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ሞተ፤ ቤቱ ጸጥ አለ።

ጥቂት ቆይቶ የሊፍት ጠጋኙ ስልክ ጮኸ። ማሙሽ ነው። ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ ቀደመችው፤ ስልክ ከተወች ስንት ጊዜዋ፣ ከፈተችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

"ጋሼ! መብራት ጠፋ እንዴ እናንተ ጋ? ሰው ተሰልፎብኛል!"

ተናገረች። ረጅም ነገር ነው የተናገረችው። ባሏ ከጀርባዋ ስለቆመ ከንፈሯን አላየውም፤ ትከሻዋ ሲነሣና ሲወድቅ ብቻ ያያል።

"ሃሎ?" ይላል ማሙሽ። "ሃሎ! ማን ነው? አይሰማም፤ ጮክ በሉ!"

እሷ ግን አላቋረጠችም። ማሙሽ ጆሮዋ ላይ እስኪዘጋው ድረስ መናገሯን ቀጠለች።