ቦረቦሩና ችካሉ

ሀብትነሽ የሞጣ ልጅ ናት። ቢቸና የገባችው በትዳር ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ዓይናቸው ከጠፋው አማቷ ከየኔታ ገብረ ኪዳን ጋር ነው። የኔታ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እሷ ጌሾ እየነገደች ቤቱን ትመራለች።

ቤታቸው ከቦረቦር አፋፍ ላይ ነበር። ሀብትነሽ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ቦረቦሩ ፍየል የምትዘለው ቦይ ነበር። ከላይ ያለው ሰፈር በቆርቆሮ ቤት ሲሞላ ግን የጣሪያው ውሃ ሁሉ መሄጃ አጥቶ ወደዚያው ወረደ። በየክረምቱ አፋፉ እየተናደ መጀመሪያ የጎመን መደቧን፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፎቿን ወሰደ። ሰኔ ከገባ ደመና ባየች ቁጥር ወጥታ ከቤቱ እስከ ገደሉ ያለውን መሬት በዓይኗ ትለካለች።

እንዲያም ሆኖ ይበልጥ የፈራችው ችካሉን ነው። በሚያዝያ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ሰዎች በግቢዋ ጥግ ችካል ሲተክሉ አገኘች። ጎረቤቷ አገሬ «አዲስ የከተማ ፕላን ነው አሉ። ይኸ ሁሉ አረንጓዴ ቦታ ይሆናል፤ ሰው አይኖርበትም» አለቻት። ሀብትነሽ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይዛ የት ትወድቃለች?

በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሊድያ የምትባል ወጣት የፕላን ባለሙያ ትልቅ ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅላ አስረዳች። ሀብትነሽ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም፤ ያስነሳት ፍርሃቱ ራሱ ነው።

«ልጄ፣ ይኸ ካርታ የኔን ቤት ያውቀዋል?»

«ያውቀዋል፣ እናቴ። እዚህ ጋ ነው» አለች ሊድያ ጣቷን አስቀምጣ። «ፕላኑ ለዘንድሮ ብቻ አይደለም። ከተማው ወደፊት ስንት ሰው ይይዛል፣ ውሃው በየት ይወርዳል፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው የት ይሁን፣ ይኸን ሁሉ አንድ ላይ ማሰብ ነው። ሁሉም ለየራሱ ሲያስብ ያንዱ ጣሪያ ውሃ የሌላውን ቤት ያፈርሳል።»

«እናንተ የሩቁን ስታስቡ እኔ ዛሬ የት ልደር?»

ሊድያ ካርታው ላይ ሌላ ቦታ አሳየች። «ምትክ ቦታ ከላይ ከሜዳው ተይዟል። መቼ እንደሚሰጥ ግን አላውቅም። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

ሀብትነሽ ቤት ገብታ ለየኔታ ነገረቻቸው።

«ቅኔ የሚቆጥር ሰው የመጨረሻውን ቤት ሳያስብ የመጀመሪያውን አይመታም» አሉ። «ሰዎቹ ልክ ናቸው።»

«እንግዲያው ከጎረቤት ተጠግተን እንቆይ፣ የኔታ።»

«እኔስ አልወጣም። ልጄ የሞተበት ቤት ነው።»

በሐምሌ እሷ ገበያ ሳለች ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ጌሾዋን እዚያው ጥላ ሮጠች። በመንገዱ ላይ ጎርፉ እስከ ጉልበቷ ደረሰ። ግቢዋ ስትገባ ማድ ቤቱ ከነበረበት ቦታ ላይ የለም፤ ከታች ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል። ከደጃፉ ፊት መሬቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ተራምዳ ገባች። የኔታ መደብ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ።

«ይነሡ፣ የኔታ።»

«ምን ሆነ?»

«ማድ ቤቱ ሄደ።»

ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩም። አዘለቻቸው። በጆሮዋ ሥር ይደግማሉ። ስንጥቁ ጋ ስትደርስ ሰፍቶ አገኘችው። ቆመች። አገሬ ከማዶ እጇን ዘርግታ «ወደ ታች አትዪ፤ እኔን እዪ» አለቻት። ተሻገረች። ምሽት ሳይሆን ግማሹ ቤት ተናደ።

በአገሬ ቤት ተጠግተው ከረሙ። ወንድሟ ከሞጣ ደውሎ «ሽማግሌውን ይዘሽ ነይ» ቢላት የኔታ አገር መልቀቅ እምቢ አሉ። በጥቅምት ምትክ ቦታው ተሰጣት፤ ሰፈሩ አግዞ ሁለት ክፍል ቤት ቆመ። በዓመቱ በፕላኑ መሠረት ከሜዳው እስከ ወንዙ የውሃ መውረጃ ተቆፈረ። ቦረቦሩም ታጥሮ ሣርና ችግኝ ተተከለበት።

ሀብትነሽ ግን ዛሬም ትፈራለች። አንድ አዲስ ጎረቤት አጥሩን መውረጃው ላይ ሲሠራ ያየች ቀን፣ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ረግጣ የማታውቀው ሴትዮ ሄዳ ሊድያን ይዛ መጣች። ሰውየው እየተነጫነጨ አፈረሰ።

ያን ዕለት የኔታ «እስቲ ውሃው የሚሄድበትን አሳዪኝ» አሏት። እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። በዘንጋቸው ጥልቀቱን ለኩ።

«ይበቃል?»

«ለዘንድሮ ይበቃል።»

«ለከርሞስ?»

ሀብትነሽ ከላይ ከሜዳው ወዲያ አዲስ የሚሠሩትን የቆርቆሮ ጣሪያዎች አየች።