የደጃችን ቦይ

ትምህርት ቤት ያልገባሁት በአንድ ቦይ ምክንያት ነው። መንገድ እንሠራለን ብለው ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ያለውን ደጃችንን እስከ ሰው ደረት ቆፍረው ሄዱ፣ አልተመለሱም። እኔም እስከ ሠላሳ አራት ዓመቴ ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር።

እርጥብ ሲሚንቶ በሸተተኝ ቁጥር ያ ዘመን ይመጣብኛል። ክረምት ሲገባ ቦዩ በጎርፍ ይሞላ ነበር፤ ግንድ ብንጥልበት ይወስደዋል። ከወሎ የመጣው አባቴ ሲሬ ከተማ በአናጢነት እየሠራ ቅዳሜ ብቻ ስለሚመጣ ተሸክሞ የሚያሻግረኝ አልነበረም፣ እናቴም ከደጅ አታስወጣኝም። ምዝገባው መስከረም ነው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ መስከረምም ይዘንባል። ውሃው ጎድሎ ስንሻገር መምህሩ «ዘንድሮ አልፎሃል» ይሉኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ አልከፋኝም። ቅዳሜ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ የበቆሎ እሸት እየጠበስን፣ አባቴ ስለ ወሎ እያወራልን፣ እንደኔ የሚደላው ልጅ አልነበረም።

አንድ በጋ አባቴ ጎረቤቱን ለደቦ ጠርቶ ቦዩ ላይ ኮንክሪት ሊሞላ ተነሣ፤ እንጨቱና ሲሚንቶው እስኪገኝ ግንቦት ደረሰ። እናቴ እንዳይሰነጠቅ ጆንያ አልብሳ ውሃ ልታጠጣው ተዘጋጅታ ሳለ፣ ሳይጠነክር ዝናብ መጣና ሲሚንቶው እንደ አጥሚት ፈሰሰ። አባቴ አየው፣ አካፋውን አጥቦ ገባ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜዬ ገፍቶ ከሕፃናት ጋር መቀመጥ አፈርኩ፤ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ ማታ ማታ ነው።

ዘንድሮ መንገድ ሠሪዎች ሌላ ቦታ ተሞልቶ የደረቀ የኮንክሪት ንጣፍ በመኪና ጭነው መጡ። ቦዩ ውስጥ ቱቦ ቀብረው ደለደሉና ንጣፉን በክሬን እያወረዱ ገጣጠሙት። የእኛ ደጅ በዝናብ መሀል ጠዋት ተጀምሮ ምሳ ሳይደርስ አለቀ። አባቴ ይህን አላየም።

እናቴ ግን ጄሪካን ይዛ ወጥታ ንጣፉን ማጠጣት ጀመረች። ክሬን ነጂው ሳቀ።

«ሀርሜ፣ እናቴ! ይሄ እኮ ጠጥቶ ጠግቦ ነው የመጣው። ይራመዱበት!»

«የቆፈሩት ታላላቆችህም ነገ እንጨርሳለን እያሉ ነው የጠፉት» ብላ ማጠጣቷን ቀጠለች።

ጠርዙ ላይ የተሞላበት ቀን በቀለም ተጽፏል። አጎንብሼ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት፤ ወር ሙሉ ደርቋል።

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩላት። ጄሪካኗን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተሻገረች። ማዶ ደርሳ ዞረችና «ና እንጂ፣ ምዝገባው ሊያልፍህ ነው!» አለችኝ።

ዛሬ የሰፈሩ ልጆች ቁልቁል እንኳ ሳያዩ ይሮጡበታል። እኔ ያንን የእሳት ዳር ክረምት በዚህ ንጣፍ አልለውጠውም፣ ቂሜንም አልተውኩም። የተሻገርኩት ግን መስከረም አሥራ አራት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት ነው።