ሀናን የቀረችባቸው እሑዶች

በፋብሪካው የፈትል ክፍል ውስጥ ከማሽኑ ጩኸት የተነሣ ሰው ተጣርቶ አይሰማም። አፍ ከጆሮ ካልተገጠመ በቀር ቃል አይተላለፍም። ስለዚህ ያን ማክሰኞ ጠዋት አለቃቸው ቡዜ መጥታ፣ ምንም ሳትናገር የከይሪያን ማሽን በእጇ ስታጠፋው፣ ከይሪያ ነገሩ ክፉ መሆኑን አወቀች። ደህና የሚሠራ ማሽን ማንም አያጠፋም።

«ሀይደር ነው» አለች ቡዜ በጆሮዋ። «ሱቁ ውስጥ ወደቀ። ሐኪም ቤት አደረሱት፤ አልሆነም።»

ከይሪያ በእጇ የያዘችውን የተበጠሰ ክር ቀጥላ ጨረሰች። ከዚያ ሽርጧን ፈታች።

ባሏ ሀይደር የኩታበር ገበሬ ልጅ ነበር። ኮምቦልቻ በወጣትነቱ መጥቶ ብስክሌት ጠጋኝ ሆነ፤ ጎማ ይለጥፋል፣ ሰንሰለት ያሳጥራል፣ የተጣመመ ቸርኬ ያቃናል። ስም ያተረፈው ግን በእሑድ ጉዞው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የሦስት ዓመት ልጁን ሀናንን ከፊቱ አስቀምጦ እስከ ቦርከና ድልድይ ደርሶ መመለስ ጀመረ። ሁለት ጎረቤቶች ከነልጆቻቸው ተከተሉት። እያለ እያለ ሃያ ቤተሰብ ሆኑ። ከደሴው ቧንቧ ውሃ ሰፈር እንኳ ብስክሌታቸውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስረው የሚመጡ ነበሩ።

«ምነው እዚያው ደሴ አትነዱም?» ሲሏት አንዷ እናት፣ «የደሴ ዳገት ላይ ወይ አንቺ ብስክሌቱን ትገፊያለሽ፣ ወይ ቁልቁል እሱ አንቺን ይዞሽ ይጠፋል!» ትል ነበር።

የሀይደር ሕግ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፍጥነቱ በትንሹ ልጅ ልክ ይሁን፤ ሁለተኛ፣ ማንም ልጅ ያለ ገዛ እናቱ ወይም ያለ ገዛ አባቱ አይውጣ፣ ወላጁም ከጎኑ ይንዳ። ሁለተኛውን ያወጣው አንድ ልጅ ከጎረቤት ጋር መጥቶ የወደቀ ጊዜ ነው። ሐኪሞቹ የአባቱን ስም ቢጠይቁ ጎረቤትየው አያውቀውም። ሀይደር ሸሚዙ በልጁ ደም እንደራሰ ሰፈር ለሰፈር እናቱን ሲፈልግ ዋለ። ከዚያ ወዲህ አክስትም ትሁን አጎት፣ አልሰማም አለ።

ሀናን ዘጠኝ ዓመት ሞላት። እሑድ ከአባቷ ጋር ትወጣ የነበረች ልጅ፣ አሁን በሕጉ ልታወጣት የምትችለው እናቷ ብቻ ናት። እናቷ ደግሞ ዒዳ ላይ ናት። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷን ይዛ መቀመጥ አለባት።

«ለእንጀራሽ በቀን ውጪ፣ ሥራሽን ሠርተሽ ተመለሺ» አሏት ሸኹ። «ለሽርሽር ግን አይሆንም።»

እሷም ከማሽኑ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ማሽኑ ትላለች። የልጆቹ ብስክሌቶች የሚቀመጡት በእሷ ግቢ ስለሆነ እሑድ እሑድ በሩን የምትከፍተው እሷው ናት። ልጆቹ እየተጋፉ ያወጣሉ፤ ሀናን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታያለች።

በሁለተኛው ወር፣ መሪነቱን የተረከበው ልብስ ሰፊው አብዱልባሲጥ በሩ ላይ ቆመ።

«ከይሪያ፣ ሀናንን ከልጄ ጋር ልውሰዳት። እኔስ አባቷ አይደለሁም?»

«ሕጉስ?»

«ሕጉን ያወጣው ሀይደር ነው። ወላሂ፣ ለልጁ ሲሆን እምቢ አይልም።»

ሀናን ቀድሞውኑ ብስክሌቷን ይዛለች። በመንገዱ ማዶ ግን የሟች እህቷን ልጅ የምታሳድገው ይታይሽ ቆማ ትሰማ ነበር።

«እሰይ! ለእኛ ሲሆን ሕግ፣ ለእናንተ ሲሆን ዝምድና!» አለች። «የእኔ ልጅ አምና ከዚህ በር ሲመለስ አባት የለህም ተባለ። ዛሬ ሕጉ አባት አወጣ?»

«እትዬ ይታይሽ፣ ሐዘን ቤት እኮ ነው» አለ አብዱልባሲጥ።

«የእኛስ ቤት ሰርግ ነበር?»

ከይሪያ ያን ቀን ታስታውሳለች። ልጁን «አይሆንም» ያለው ሀይደር ነው፤ በሩን የዘጋችው ግን እሷ ናት። እንዲያውም ልጁ ቶሎ እንዲሄድ ከረሜላ ሰጥታው ነበር።

«ወይ ሁለቱንም ውሰድ፣ ወይ ሁለቱም ይቅሩ» አለችው።

አብዱልባሲጥ አንገቱን አሻሸ። «ዛሬ ሁለት ብወስድ ነገ ስንት ይመጣል? አንዱ ቢወድቅ ማንን እጠራለሁ? ሀይደር ይችለው ነበር፤ እኔ አልችለውም።»

«እንግዲያው ሂዱ።»

ሄዱ። ይታይሽም ወደ ቤቷ ገባች። ሀናን ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«እማ፣ ዒዳሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ሁለት ወር ከምናምን ቀርቶታል።»

«ከዚያ አንቺ ታወጪኛለሽ?»

«ኢንሻአላህ» አለች ከይሪያ። ብስክሌት ነድታ አታውቅም። ሀይደር ላስተምርሽ ባላት ቁጥር፣ «ስድስት ቀን ቆሜ ውዬ ሰባተኛውን ፔዳል ልርገጥ?» ብላ ትስቅበት ነበር።

ዒዳው ሐሙስ አለቀ። እሑድ የሀይደርን ብስክሌት ይዛ ከሰዎቹ ጋር ወጣች። አብዱልባሲጥ ኮርቻውን ከኋላ ያዘላት።

«መሬት መሬቱን አትዪ፣ ከይሪያ! ፊት ለፊትሽን!» አሉ ሴቶቹ።

«ብስክሌቱ ነው እንጂ መሬት የሚያይ፣ እኔማ አቅንቼ ነው የያዝኩት» አለች፤ ሳቁ። ሀናን አልሳቀችም። ከይሪያ ሁለቴ ወደቀች፤ ሦስተኛው ላይ ጉልበቷ ደማ። ፀሐዩ ከረረ፣ ትንንሾቹ ማልቀስ ጀመሩ፣ የደሴዎቹ ሚኒባስ የሚመለስበት ሰዓት ደረሰ።

«በእኛ ምክንያት አትቁሙ» አለቻቸው።

እናትና ልጅ ብስክሌቶቻቸውን እየገፉ ተመለሱ። ሀናን እቤት እስኪደርሱ ከእናቷ ፊት ፊት ሄደች።

ከይሪያ ከሥራ መልስ ግቢው ውስጥ ትለማመዳለች። ግቢው አጭር ነው፤ ሚዛኗን ልትይዝ ስትል ግድግዳው ይደርሳል። «ሕጉ እንደገና ይታይልን፣ ለእኔም ለይታይሽም ልጅ» ብላ ለአብዱልባሲጥ ነግራዋለች። ሀይደር ያወጣውን እሱ በሌለበት መንካት ሁሉንም ከበዳቸው። ወላጆቹ በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልተሰበሰቡም፤ ሀናንም እሑድ እሑድ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች ናት።