ቦዩን የረሳ ትእዛዝ

እስከ ዛሬ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኛል። ሰው ይስቅብኛል፣ ግን ምን ላድርግ፤ ቤቱ ድርግም ሲል እኔ የማስበው እነዚያን ልጆች ነው።

ያኔ ሲቀላ በሚባለው የከተማችን የታችኛው ሰፈር የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። ኮዲንግ የሚሉትን ነገር እዚያው፣ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት፣ ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ተማርኩት። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ስሳሳት የሚቆጣኝም አልነበረም፤ ለዚህ ይሆናል የወደድኩት። የወደዱትን ነገር ለብቻ ይዞ መቀመጥ ደግሞ አይሆንልኝም። ከሱቄ ፊት ለፊት ወዳለው ትምህርት ቤት ሄጄ፣ ማታ ማታ ከደወል በኋላ ሴቶቹን ልጆች ላስተምር ብዬ ርእሰ መምህሩን ጠየቅኋቸው። ከሰሜን ተመድበው መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። "ኮምፒውተሮቹ እኮ ከእኔ ጋር ነው ጡረታ የሚወጡት" ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

እውነታቸውን ነበር። ገሚሶቹ አይነሱም፤ የሚነሱትም እንደ አሮጌ ወፍጮ እያጓሩ ነው። በዚያ ላይ መብራት። ልጆቹ ሰብሰብ ብለው ተቀምጠው ገና "ክፈቱ" ከማለቴ ጥፍት ይላል።

ልጆቹን እንዲሁ ወደየቤታቸው መስደድ አላስቻለኝም። ስለዚህ ጨዋታ ፈጠርኩ። ግቢ እንወጣለን፣ አንዷ ዓይኗን በሻርፕ ትታሰርና ኮምፒውተር ትሆናለች። አንዷ ደግሞ ታዛለች፦ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ ዙሪ፣ ቁሚ። ኮምፒውተሯ የተባለችውን ብቻ ነው የምታደርገው፤ ከራሷ ምንም መጨመር ክልክል ነው። ከማንጎው ግንድ ጋር ከተላተመች ጥፋቱ ያዘዘቻት ልጅ ነው። ሳቃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ከሁሉም ጎበዟ ከጫኖ የምትመላለስ ልጅ ነበረች፤ አባቷ እዚያ በመስኖ ሙዝ ያለማል። ሌሎቹ የጻፉት ኮድ እንቢ ሲላቸው ዓይናቸውን ወደ እኔ ያነሣሉ። እሷ ግን ከመጀመሪያው ትእዛዝ ጀምራ አንድ በአንድ ትወርዳለች፣ ውኃው የት ላይ እንደፈሰሰ ቦዩን ተከትሎ እንደሚፈልግ ገበሬ።

አንድ ቀን አባቷ ሙዙን ገበያ አራግፎ፣ ልጄን ይዤ ልመለስ ብሎ ወደ ግቢው ገባ። መብራት የለም፤ የዕለቱ ኮምፒውተር ደግሞ የእሱ ልጅ ናት። ዓይኗ ታስሮ፣ ከላይኛው ሰፈር፣ ከሴቻ፣ የሚመጡት የሹማምንት ልጆች "ዙሪ፣ ሂጂ፣ ቁሚ" እያሉ ሲያዟት፣ ሲስቁ፣ እሷም ስትታዘዝ ቆሞ አየ። በመጨረሻ ግንባሯ ከግንዱ ጋር ተጋጨ። ሻርፑን ራሱ ፈታላት። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

"እንድትማር ነው የላክኋት፤ እንደ በሬ እንድትነዳ አልላክኋትም" አለኝና እጇን ይዞ ወጣ። ላስረዳው ብዬ ተከተልኩት፤ የተሳፈሩበት ባጃጅ ቀደመኝ።

ከዚያ ወዲህ ደወል ሲደወል ቀጥታ ወደ ቤት እንድትሄድ ታዘዘች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። ስለ አባቷ አንድም ክፉ አልተናገረችም። "ቲቸር፣ አደራ፣ ፋይሌን እንዳያጠፉት" ብቻ አለችኝ። ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ቁጭ አልኩ።

መላ ያመጣችው ከልጆቹ አንዷ ናት፤ አያቷ የጋሞ አገር ሽማግሌ ናቸው። "ሣር ይዘን እንሂድ" አለች። እዚህ አገር ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከተንበረከኩ የተቆጣ ሰው ቁጣውን ያወርዳል፤ ሣሩን ረግጦ ማለፍ ነውር ነው። ይህ ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ሥራ ነው እንጂ የተማሪ ልጃገረድ አይደለም ብዬ ነገርኳቸው። ማን ሰምቶኝ። ቅዳሜ ጧት ሴቻ ላይ ከአንዷ ደጅ ሣር ነቅለው፣ በፌስታል ቋጥረው መጡ። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ አቆየን፤ ሙቀታችን ደግሞ ሙቀት ነው።

ጫኖ ስንደርስ አባትየው አካፋ ይዞ ወደ ሙዙ ውኃ እየመለሰ ነበር። ልጆቹ ፊቱ ተንበረከኩና ፌስታላቸውን ፈቱ። ሣሩ የተቀቀለ ጎመን መስሏል።

ዝቅ ብሎ አየው። "ምንድን ነው ይኼ?"

"እርቅ" አለች የሽማግሌው የልጅ ልጅ ቀስ ብላ።

"በዚህማ ላሜም አትታረቀኝ።"

አካፋውን ጥሎ ጀርባውን ሲሰጠን አበቃልን አልኩ። እሱ ግን ከቦዩ ዳር ጎንበስ ብሎ ውኃ የሚንጠባጠብ ለምለም ሣር ነጨና፣ ተመልሶ በየእጃቸው አስያዛቸው።

"አሁን ለምኑኝ" አለ።

ለመኑት። እኔም ጨዋታውን፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ ያዘዘው ሰው መሆኑን ጭምር፣ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰምቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ልጄ ታዛዥ ብቻ ናት ወይ? ሁሉም በየተራ ያዛሉ አልኩት።

"የእሷ ተራ መቼ ነው?"

ልጅቷ ይህን ሁሉ ጊዜ ከማሳው አጠገብ ያለውን የቤታቸውን መቃን ተደግፋ ቆማ ነበር። "አሁን ነው፣ አባዬ" አለች።

እንቢ ይላል ስል ከአንዷ ልጅ ሻርፕ ተቀብሎ ዓይኑን ራሱ አሰረ። ወደፊት አለችው። ወደ ግራ ዙር። ወደፊት፣ ወደፊት። ያ ግዙፍ ሰው እግሩን እንደ ሕፃን እያስቀደመ ሄዶ ሄዶ ቦዩ ውስጥ ተዘፈቀ፣ እስከ ጉልበቱ። ልጆቹ በያዙት ሣር አፋቸውን ሸፈኑ።

ዓይኑን እንዳሰረ፣ ውኃው ውስጥ እንደቆመ ፊቱን ልጁ ወዳለችበት አዞረ። ከዚያ "ጥፋቱ የማን ነው?" አለ።

"የእኔ። ቦዩን ረሳሁት።"

"እንግዲያው አስተካክይና እንደገና እዘዥኝ።"

ሰኞ ደወል ሲደወል ከሁሉም ቀድማ ክፍሉ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ፋይሏም እንደተቀመጠ ነበር። መብራት ግን አልነበረም።