የማታዘነብል መኪና

ባለቤቴ ሁለት በር ያላትን አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና ይዞ አቃቂ ግቢያችን የገባ ቀን አኮረፍኩት። የጎረምሳ መኪና ነበረች፤ ዝቅ ከማለቷ የተነሳ መሬት ልትልስ ትደርሳለች፣ የኋላ ወንበሯም ፌስታል እንጂ ሰው የሚያስቀምጥ አይመስልም። የእኛ መንገድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከባድ መኪናው አስፋልቱን አርሶ ጨርሶታል። «አርባ ዓመት ካለፈህ በኋላ ልትጎረምስ ነው?» ብዬ ፊቴን አዞርኩበት። እሱ ሳቀ። እሱን ማናደድ ውሃ መውቀጥ ነው።

አማቴ አብረውን ነበር የሚኖሩት። ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ሞጆ ያሉትን ታላቅ እህታቸውን ሲጠይቁ የኖሩት በባቡር ነው። ባቡሩ ሲቆም የእሳቸውም መንገድ አብሮ ቆመ። መኪና አይስማማቸውም። ሎሚ ቢያሸቱ፣ መስኮት ቢከፈትላቸው፣ ሚኒባሱ ገላን ሳይደርስ ያስመልሳቸዋል። አንዴማ ዱከም ላይ ወርደው፣ መንገድ ዳር ተቀምጠው፣ «በእግሬ ልመለስ» ብለው አልቅሰዋል። ያን ሰሞን እህትየው አልጋ መያዛቸው ተሰማ። በስልክ እንዳናገናኛቸው የእህትየው ጆሮ ከብዷል፤ አማቴ ይጮኻሉ፣ ከወዲያ «ማነሽ?» ይባላሉ። ከዚያ ስልኩን ሰጥተውን ወደ ጓዳ ይገባሉ። ሳይገናኙ ሞት እንዳይቀድማቸው ሁላችንም ፈርተን ነበር።

አንድ ቀን እራት ላይ ባለቤቴ፣ «እማዬ፣ ባቡር ለምን ነበር የማያጥወለውልሽ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ባቡር እኮ አያዘነብልም» አሉት።

እሱ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

በማግስቱ መኪናዋን ቃሊቲ አንድ ጋራዥ አስገባት። መኪና ስትታጠፍ ወደ ጎን እንዳታጋድል የግራና የቀኝ እግሯን ከስር የሚያያይዝ ብረት አለ፤ ስታብላይዘር ይሉታል። ብረቱ ሲወፍር መኪናዋ ቀጥ እንዳለች ትዞራለች። መካኒኩ «ሞላውንም አሳጥረን እናጠንክረው፣ የስፖርት መኪና ወጉ ይሄ ነው» ቢለው ባለቤቴ እምቢ አለ። ሞላው ከጠነከረ እያንዳንዱ ጉድጓድ የሚያርፈው እናቱ ወገብ ላይ ነዋ! ብረቱ ይወፍር፣ ሞላው ይለስልስ፣ መንገጫገጭ የሚያበርደው ሾክ አብዞርበርም በአዲስ ይቀየር አለ። መካኒኩ «ይቺን የመሰለች መኪና ጋሪ ልታደርጋት ነው» ብሎ ከልቡ አዘነ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ለእኔ ሲነግረኝ ኩርፊያዬ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ለእናቱ ግን፣ ካልተሳካ ያዝናሉ ብሎ፣ አልተነፈሰም።

ጉዱ የመጣው በስልክ ነው። ባለቤቴ ገላውን ሲታጠብ መካኒኩ ደወለ፤ አማቴ አነሱት። ሰውየው ሃሎ እስኪባል እንኳን አይጠብቅም። «ስማኝማ፣ እግሯ አልቋል፣ አይቼዋለሁ። ነገ ጠዋት ያንን ቀጭኑን ብረት አውጥቼ ወፍራሙን አስገባላታለሁ። አታስብ፣ አሮጊት ብትሆንም ልቧ ጤነኛ ነው» ብሎ ዘጋው።

መኪናን «እሷ» ማለት፣ ከስሯ ያለውን ሁሉ «እግር»፣ ሞተሯን «ልብ» ማለት የጋራዥ ቋንቋ ነው። አማቴ ይህን ከየት ይወቁት? ጉልበታቸውን ሲያማቸው ከርሟል፤ ልጃቸውም የአጥንት ሐኪም ጋ እወስድሻለሁ ሲል ሰንብቷል። ከሱቅ ስመለስ ነጠላቸውን አጣፍተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«የነፍስ አባቴን ጥሪልኝ» አሉኝ።

«ምነው እማማ፣ አመመዎት?»

«ነገ ጠዋት ሊቀድዱኝ ነው። እግሬ ውስጥ ብረት ሊከቱ። ልጄ ቢደብቀኝም ሐኪሙ በስልክ ሲያወራ ከአፉ አመለጠው።» ነጠላቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ከዚያ ካልተነሳሁ እህቴን በምን አያታለሁ?»

ሐኪሙ ማን እንደሆነ ሲገባኝ ባለቤቴን ጠራሁት። ሳሙናው ከራሱ ላይ ሳይወርድ፣ ፎጣ አገልድሞ መጣ። ነገሩን ስነግረው ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። አማቴ አልሳቁም።

«ልቧ ጤነኛ ነው ሲል እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። ቀጠል አድርገው፣ «ብረቱ ታዲያ ለምኗ ነው?»

«እንዳታዘነብል ነዋ፣ እማዬ። እንደ ባቡር። ሞጆ እንድትሄጂ።»

ከአልጋው ጫፍ ተነሱ። ከዚያ አንገቱን ስበው ግንባሩን ከነሳሙናው ሳሙት። ሁለቱንም በጣም ወደድኳቸው፤ እንባዬን እንዳያዩብኝ ሽንኩርት ልልጥ ገባሁ።

መኪናዋ ስትወጣ መጀመሪያ የተሞከረችው በእኔ ነው። ቃሊቲ አደባባይን ደጋግመን ስንዞር ትራፊኩ አስቆመንና፣ «መውጫው ጠፋብህ እንዴ?» አለው። ባለቤቴ «እናቴን እንዳያስመልሳት ነው» ብሎ መለሰ። ትራፊኩ የኋላ ወንበሩን ጎንበስ ብሎ አየ፤ እናት የሚባል የለም። ግራ ተጋብቶ ለቀቀን።

እሁድ ጠዋት አማቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ጉልበቴን ታቅፌ ተነሳን። ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ ፍጥነት መንገዱ ስንገባ ሎሚያቸውን ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባለቤቴ መንገዱን ያየው ፊታቸውን ካየው አይበልጥም፤ «ፊት ለፊትህን እይ!» እያልኩ ስጮህ ነው የደረስነው። ሞጆ መውጫው ጥምዝ ነው፤ የፊቱን ወንበር ጨበጥኩ። መኪናዋ ሳታጋድል ዞረች። አማቴ ዓይናቸውን ገለጡና «ምነው፣ ቆምን እንዴ?» አሉ።

እህትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ጠባብ አልጋ ላይ ተኝተዋል። የምታስታምማቸው ልጃቸው፣ ከወራት ወዲህ ሰው ካላገላበጣቸው እንደማይንቀሳቀሱ አስቀድማ ነገረችን። አማቴ እንደ ስልኩ ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ አልጮኹም። ጫማቸውን አወለቁ፤ ማንንም ሳያስፈቅዱ አልጋው ላይ ወጥተው ከእህታቸው ጀርባ ጋደም አሉ። ትከሻቸውን ያዝ አድርገው ጆሯቸው ስር፣ «ጠጋ በይልኝ እንጂ» አሏቸው።

እህትየው ጠጋ አሉ።