ዙውራ መልሳ የወሰደቻት ውሻ

ዙውራ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ኢሲክኩል ሐይቅ ዳር ባለችው መንደሯ ይህን የማያውቅ የለም። በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ልቧ ያለው ግን ታይጋኖቿ ጋር ነው። እግረ ረጅም፣ ጆሮ ጠጉራም፣ ተራራ ለተራራ ቀበሮ የሚያባርሩ የአደን ውሾች ናቸው። አማቷ ሲሞት ዘሩን አደራ ያለው ለልጁ ሳይሆን ለእሷ ነበር። እሷም ቡችላ ሸጣ አታውቅም። ትሰጣለች፤ የሰጠችውንም እየሄደች ታያለች፣ ጥርሱን ትገልጣለች፣ ከሳ ካለ ባለቤቱን ልክ ልኩን ትነግረዋለች።

አክቶሽ የተባለችውን ሴት ውሻ ለባሏ የአጎት ልጅ ለሜደርቤክ የሰጠችው ደጅ ስለጠናት ነው። ለአደን ብቻ ነው ብሎ ማለላት። በኋላ ግን ልትጠይቃት በሄደች ቁጥር "ከእረኞቹ ጋር ተራራ ወጥታለች" እያለ ይሸኛታል።

አንድ እሑድ ካራኮል ከብት ገበያ በግ ልትገዛ ሄዳ፣ አንድ ሰውዬ ቡችላ ይዞ ቆሞ አየች። የቡችላው የታችኛው መንጋጋ ወደ ጎን ተጣሟል። ደረቱ ላይ ያለውን፣ ልክ እንደ አክቶሽ ያለ ነጭ ምልክት ግን አልሳተችውም።

"ይሄን ከየት አመጣኸው?"

"ንጹሕ ዘር ነው፣ ኤጄ!" አለ ሰውዬው እንደ ታላቅ እህት አክብሮ እየጠራት። " ከሜደርቤክ ነው የገዛሁት። አፉ ሲያድግ ይስተካከላል ብሎኛል።"

"ወተት እንኳ መላስ አይችልም እኮ!"

ሰውዬው አቀረቀረ። "እሱስ እውነትሽን ነው። ከፈለግሽ ውሰጂው፣ እኔም አንጀቴን በላው።"

ቡችላውን ካፖርቷ ውስጥ ሸጉጣ በቀጥታ ሜደርቤክ ግቢ ገባች። አክቶሽ ከበረቱ ጀርባ በሰንሰለት ታስራለች። አጥንቷ አግጥጦ፣ ጡቷ መሬት ሊነካ ደርሷል። ሥሯ ሁለት ቡችሎች ተኝተዋል፤ የሁለቱም አፍ ጠማማ ነው። ዙውራን ስታይ ልትነሳ ሞከረች፤ አቃታት።

ሜደርቤክ እየሮጠ ደረሰ። "ኤጄ! ምነው ድንገት? ግቢ እንጂ፣ ሻይ..."

"ከየትኛው ወንድ ነው ያስወለድካት?"

"ከጥሩ ወንድ ነው።"

"ከየትኛው?"

"ከጎረቤቴ ውሻ።"

"እሱንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወንድሟ ነው!"

"ቢሆንስ? ገዢው የሚፈልገው ንጹሕ ዘር ነው። ደግሞ ውሻ ወንድም እህት ምን ያውቃል?"

"እሷማ አታውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ። እረፍትስ ሰጥተሃታል?"

"ዝም ብዬ ልቀልባት እንዴ?"

"ደግሞ ቀልቤያታለሁ ልትል ነው?"

የዙውራ ድምፅ ዝቅ ማለቱን የሰማችው የሜደርቤክ ሚስት ቀስ ብላ የቤቱን በር ዘጋች።

ዙውራ ሰንሰለቱን ከነካስማው ነቀለችው። "የሰጠሽውን ትቀሚያለሽ? ፖሊስ እጠራለሁ!" ብሎ ጮኸ።

"ጥራ። ልጆቿን አሳየዋለሁ።" አክቶሽን በትከሻዋ ተሸክማ፣ ቡችሎቹን አቅፋ ወጣች።

በመንደሩ የአደን ውድድር ቀን ሜደርቤክ ከሌላ ሴት ውሻ ያስወለዳቸውን ቡችሎች ሊሸጥ ይዞ መጣ። ዙውራ በመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ሦስቱን ጠማማ አፎች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

"ያንን ፈረስ ረግጦት ነው" አለ ሜደርቤክ።

"ሦስቱንም? አንድ ዓይነት አድርጎ?"

ገዢዎቹ አንድ በአንድ ወደየፈረሳቸው ተመለሱ።

ክረምት ሳይገባ ዙውራ የአክቶሽን ማህፀን በሐኪም አስወጣች። የመንደሩ ወንዶች አበዱ። "እንዲህ ያለ ዘር አጠፋሽ!" አሏት። "የእሷ ይበቃታል፤ ከፈለጋችሁ እናንተ ውለዱ" አለቻቸው። ከቡችሎቹ አንዱ ሞተ። ሁለቱን ሥጋ እየፈጨች አሳደገቻቸው። አክቶሽም እያደር ሥጋ አወጣች፤ ሩጫው ግን ቀረ።

ሜደርቤክ አልተወም። መንደሩ ቢያኮርፈው ወሬው ላልደረሳቸው የከተማ ሰዎች ይሸጥ ጀመር። ዙውራም ከሥራ ስትወጣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ውሾቹን ታያለች፣ የከሳ ካለ ጎረቤት ፊት ትሰድበዋለች። አጥሩን ከፍ አደረገው። እሷም በፈረስ መምጣት ጀመረች።