አምባሰል ምንድን ነው?

ራዚያ ሰው የምትሳደበው በክፍል ነው። ውጫሌ ገበያ ሰልባጅ ልብስ ዘርግታ ስትውል፣ አንዱ ሸሚዙን ደጋግሞ አገላብጦ ሳይገዛ ከሄደ «ሂድ አቦ! አምስቱ የስሜት ሕዋሳት አንደኛ ክፍል ናቸው፤ አንተ ገና መዳሰሱ ላይ ነህ» ብላ ትሸኘዋለች። የባሏን ታላቅ ወንድም ፊት ለፊት «አያ እንድሪስ» ትለውና፣ ዞር ሲል «ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ! መደመር እንጂ ማካፈል መች ተማረ፤ ማካፈል ሦስተኛ ክፍል ነው» ትላለች። እንድሪስ የአባቱን መሬት ጠቅልሎ ለብቻው የያዘ ሰው ነው። ስድቡ ገበያውን ሁሉ አስቆ በመጨረሻ ከራሱ ከእንድሪስ ጆሮ ደርሷል።

እሷ ራሷ የቀረችው አራተኛን ጨርሳ ነው። በእሷ ጊዜ ትምህርቱ እየሰፋ ነበር የሚሄደው። አንደኛ ክፍል የገዛ ገላህን ትማራለህ፣ ራስ፣ ዓይን፣ እጅ። ሁለተኛ ላይ ቤተሰብና ጎረቤት ይመጣል፤ ሦስተኛ ላይ ቀበሌና ወረዳ፣ አራተኛ ላይ ክልል። ኢትዮጵያ የምትመጣው አምስተኛ ክፍል ነው። ራዚያን ግን አምስተኛ ሳትገባ ዳሯት። ሴት ልጇን ሀያን ወለደች፤ ጡት እንዳስጣለቻት የራሷ የራዚያ ዕድሜ ተጨምሮ ፓስፖርት ወጣላትና ሪያድ ላኳት። ኢትዮጵያን ሳትማር ዘላ ዓረብ አገር ገባች። አንድ ቀን የአሠሪዋ ልጆች የዓለም ካርታ ዘርግተው «አገርሽ የቱ ጋ ነው?» ሲሏት፣ አንገቷን ደፍታ ወለሉን መወልወል ቀጠለች። ያን ቀን የገባባት ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣላትም።

በለውጡ ሰሞን፣ እዚህ እስረኛ ሲፈታና አዲስ ዘመን መጣ ሲባል፣ እሷን ከሌሎች ጋር በአውሮፕላን ጠርዘው መለሷት። እሱም ለሥራ ተሻግሮ የነበረው ባሏ ማህዲ ጅዳ ቀረ፤ ስልኩም ቀስ በቀስ ጠፋ። ልጇን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና፣ አያቷ መሪማ ቤት ውሃ ስትቀዳ አገኘቻት። ትምህርት ቤት የሚያስገባት ሰው አልነበረም። ራዚያ በማግሥቱ እጇን ይዛ ወስዳ አንደኛ ክፍል አስገባቻት።

ልጅቷ አራተኛ ክፍል በገባች በሁለተኛው ወር ጦርነቱ ውጫሌ ደረሰ። እናትና ልጅ በእግር ወደ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ራቅ ወዳለ መጠለያ ሸሹ። ሲመለሱ የትምህርት ቤቱ መስኮት የለም፤ ወንበሩ ለማገዶ ሆኗል፤ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የቀረውን ዓመት ጨረሱ። ከዚያም ፈተና ሊኖር ነው ተባለ፤ ያለፈ አምስተኛ ይገባል፣ የወደቀ አራተኛን ይደግማል።

እንድሪስ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። «ካለፈች ትማር፣ እኔ ሴት አትማር አላልኩም» አለ። «ከወደቀች ግን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከሕፃናት ጋር ተቀምጣ አታሰድበንም። የሚፈልጋት ሰው አለ።» ራዚያ ሰውየው ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ብትጠይቅ የተስማማች ይመስልባታል።

ሀያ በአንድ ነጥብ ወደቀች።

ራዚያ ወረቀቱን ስታይ ከአናቷ ጭስ ወጣ። የሒሳቡ፣ የአማርኛው፣ የአካባቢ ሳይንሱ ውጤት ደህና ነው። የጣላት የጥበብ ትምህርት ነው። «አምባሰል ምንድን ነው?» ይላል ጥያቄው። ሀያ «ወረዳችን ነው» ብላ ጽፋለች። በላዩ ላይ ቀይ ኤክስ ተጋድሟል።

የአራተኛ ክፍሉ መምህር ዝናው የዚያው የአምባሰል ገበሬ ልጅ ነው፤ ግትር ነው፤ ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ራዚያ በአክብሮት ልታናግረው አስባ ነበር፤ «እርስዎ»ን በሩ ላይ ጥላ ገባች።

«መምህር፣ አሁን የት ነው የቆምከው?»

«ትምህርት ቤት።»

«ትምህርት ቤቱስ የት ነው?»

«ውጫሌ።»

«ውጫሌስ?»

ዝናው ወዴት እንደምትወስደው ገባውና ወረቀቶቹን መደርደር ጀመረ።

«አምባሰል በል እንጂ! ምነው ምላስህ ተያዘ? በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይሄ ነው። ልጄ በአገሯ ተቀምጣ የአገሯን ስም አውቃ ትወድቃለች?»

«ወይዘሮ ራዚያ፣ ጥያቄው የጥበብ ትምህርት ነው። አምባሰል ቅኝት ነው፣ እንደ ባቲ፣ እንደ ትዝታ። ወረዳው በአካባቢ ሳይንስ ቢጠየቅ ኖሮ እሰጣት ነበር። ደግሞ እዚህ ገበያ አይደለም።»

«ገበያ ቢሆንማ መከራከር ታውቅ ነበር!»

«ነገ የሌላው ልጅ እናት ትመጣለች» አለ ዝናው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ወንበራችንን ማገዱት፤ መጽሐፋችንን ማገዱት። የቀረውን መልስ ደግሞ እኔ ልማግደው?» ሀያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወደ እሷ ዞረ። «ነይ እስቲ። አስተምሬያችኋለሁ ወይስ አላስተማርኳችሁም?»

«አስተምረውናል።»

«አምባሰል ምንድን ነው?»

«ቅኝት» አለች ሀያ ሳታመነታ።

ራዚያ ክው አለች። ለመምህሩ ያዘጋጀችው ንዴት ሁሉ ወደ ልጇ ዞረ። «እያወቅሽ? ወላሂ እያወቅሽ ነው? እንድሪስ ምን እንደሚጠብቅ ጠፍቶሽ ነው?»

«መጠለያ ሳለን» አለች ሀያ፣ ዓይኗን ከእናቷ ላይ ሳታነሳ፣ «ያ የሚመዘግበው ሰውዬ አገርሽ የት ነው አለኝ። አምባሰል አልኩት። ሳቀብኝ። እሱ ዘፈን ነው፣ አገርሽን ንገሪኝ አለ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀብኝ። አንቺም እኮ ነበርሽ፣ እማ። ብርድ ልብሱን እንዳይከለክለን ብለሽ ዝም አልሽ። ዘፈን ነው ብዬ አልጽፍም።»

ገበያውን ሁሉ የምታንጫጫው ራዚያ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። አፈረች። ያን ቀን አፏ የት ሄዶ እንደነበር አሁንም አታውቅም።

ዝናው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «ቅኝቱ ስሙን ከየት ያገኘው ይመስልሻል?» አላት።

«ከእኛ።»

«እሱን ጨምሪበት።»

ሀያ ከታች «ቅኝቱ ስሙን የወሰደው ከእኛ ነው» ብላ ጻፈች። ዝናው ነጥቡን ሰጣት፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። «የሌሎቹንም ልጆች ነገ እጠይቃቸዋለሁ፤ ለአንቺ ብቻ አይደለም» አለ።

እንድሪስ ማለፏን ሰምቶ መጣና «አምስተኛ ደግሞ ምን ሊፈይድላት?» አለ። ራዚያ ያን ጊዜ ዞር እስኪል አልጠበቀችውም። «ማካፈል ሳትማር ስለ አምስተኛ አትጠይቅ» አለችው ፊት ለፊቱ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ተቋረጠ።

አምስተኛ ክፍል በተጀመረ ሰሞን ሀያ አዲሱን መጽሐፍ ይዛ መጣች። የኢትዮጵያ ካርታ ያለበትን ገጽ ገለጠች። «እማ፣ አምባሰል የለም። ሐይቅም የለም። ደሴ ብቻ ነው ያለው።»

ራዚያ ደሟ ፈላ። ካርታውን የሳለውን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ሰደበችው፤ አንደኛ ክፍል መለሰችው። «እርሳስ አምጪ! እነሱ ከተዉት እኛ እንጽፈዋለን» ብላ ነጥቃ ካርታው ላይ አጎነበሰች።

እጇ ግን ባለበት ቀረ። መስመሩን ሁሉ አየችው፤ አንዱንም አላወቀችውም። ሪያድ ላይ የተዘረጋው ካርታ ትዝ አላት። ለመሳደብ አፏን ከፍታ የሚሰደብ ሰው አጣች።

«የቱ ጋ ነን?» አለች ቀስ ብላ።

ሀያ የእናቷን እጅ ከነእርሳሱ ይዛ ከደሴ ትንሽ ከፍ አደረገችው። «እዚህ ጋ» አለቻት፣ «ተጫኚው።»